ለመሣሪያም ማኅደር ያሻዋል

ድሬዳዋ ወርደው ያደሩ እንደ ሆነ፣ ፀሐይ ሳትከር በማለዳ ተነሥተው እስከ ቀፊራ ድረስ ብቅ ይበሉ። ገበያው ለዓይንና ለጆሮ የሚሰጠው ብዙ ነው። ቅስት ቅስት ሆኖ የተሠራው ግንብ አለ፤ ከገጠር እንጨትና ከሰል ጭነው የሚገቡ ግመሎችና አህዮች አሉ፤ የቅመሙ ሽታ አለ፤ ኦሮምኛው፣ ሶማሊኛው፣ ሐረሪኛውና አማርኛው በአንድ የዋጋ ክርክር ውስጥ ተደባልቆ ይሰማል። ይህን ሁሉ ለጎብኚ ይተዉለትና እርስዎ የሠራተኛውን እጅ ይመልከቱ። አናጢው፣ ቧንቧ ሠራተኛው፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው፣ ግንበኛው ወደ ተጠራበት ሲሄድ መሣሪያውን በምን እንደ ያዘ ልብ ይበሉ። አንዱ የማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ በትከሻው ጥሏል። ሌላው ፌስታል አንጠልጥሏል፤ የፌስታሉ ቂጥ ተቀዶ የካቻቢቴው ጫፍ ወጥቷል። ሌላው መዶሻውን በቀበቶው፣ ፒንሳውን በኋላ ኪሱ ሸጉጧል። አንዱ ደግሞ ቀለም አልቆበት የተጣለ ባለ 20 ሊትር የፕላስቲክ ባልዲ ይዞ፣ መሣሪያውን በውስጡ እያንኳኳ ይሄዳል።

ዛሬ ልጽፍልዎ ያሰብሁት ስለዚህ ስለ መጨረሻው ሰው ነው። ምክንያቱም ከአራቱ ውስጥ ግማሹን መንገድ የሄደ እርሱ ብቻ ነው። ግማሹ ግን ቀርቶታል።

«ስለ ባልዲ ደግሞ ምን የሚጻፍ ነገር አለ!» ብለው ገጹን ለመግለጥ አይቸኩሉ። በእጁ ሠርቶ ለሚያድር ሰው መሣሪያው ሱቁ ነው፤ ገንዘቡ ነው፤ የነገ እንጀራው ነው። ነጋዴ ዕቃውን በመደርደሪያ ደርድሮ፣ ማታ ቈጥሮ፣ በር ቈልፎ ይሄዳል። ባለሙያው ግን ሱቁን ሁሉ ከረጢት ውስጥ ጨምሮ አናውጦ ይሸከመዋል፤ ምን እንደ ጎደለ የሚያውቀውም ያ የጎደለው ነገር ያስፈለገው ሰዓት ነው።

ከረጢቱ የሚያመጣውን ጣጣ በምሳሌ ላሳይዎ። አንድ የቧንቧ ሠራተኛ ከነረዳቱ ከደቻቱ ማዶ ከዚራ ውስጥ ካለ አንድ ቤት ተጠርቶ ሄደ እንበል። የወጥ ቤቱን ቧንቧ ሠራ፣ ሒሳቡን ተቀበለ፣ ዕቃውን ሰብስቦ ከረጢት ውስጥ ከተተና ተመለሰ። በማግስቱ ሌላ ቤት ደርሶ ከረጢቱን መሬት ላይ ሲዘረግፍ ትልቁ የቧንቧ መፍቻ የለም። መጀመሪያ ረዳቱን ያየዋል። «የት አደረስኸው?» «ጋሼ፣ እኔ አልነካሁትም!» «ታዲያ ማን ነካው?» ልጁ ይምላል፤ ሰውየው አያምንም፤ ትናንት የሠራበት ቤት ሄዶ እንዳይጠይቅ የቤቱን ሰው ሌባ ያለ ይመስልበታል። በመጨረሻ ልጁ ይባረራል፤ የሁለት ቀን ገቢ ለአዲስ መፍቻ ይወጣል። ከብዙ ጊዜ በኋላ የዚያ ቤት ሠራተኛ ስትጠርግ መፍቻው ከገንዳው ሥር፣ ከግድግዳው ጥግ ተገኘ። መፍቻው ተመለሰ፤ የልጁ ስም ግን ቀፊራን ሁሉ ዞሮ አብቅቷል። በዚህ ምክንያት ስንት ለጋ ሙያተኛ ከሙያው እንደ ወጣ የሚቈጥር የለም እንጂ፣ ባለሙያ የሆነ ሁሉ አንድ እንዲህ ያለ ልጅ ያውቃል።

ይህ ሁሉ የሚመጣው አንድ ነገር በመጥፋቱ አይደለም፤ መጥፋቱ በሰዓቱ ባለመታየቱ ነው። መፍቻው የራሱ ቦታ ቢኖረው ኖሮ፣ ገና ከቤቱ ሳይወጡ ቦታው ባዶ መሆኑ በታየ ነበር።

ድሬዳዋ ይህን ነገር ከማንም ከተማ አስቀድማ ልታውቀው የሚገባት ናት። ከተማይቱ ራሷ የመሣሪያ ልጅ ናትና። ዐፄ ምኒልክ የባቡሩን መንገድ ፈቃድ ለስዊስ ተወላጁ ለአልፍሬድ ኢልግ በ1886 ዓ.ም. ከሰጡ በኋላ፣ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በ1895 ዓ.ም. ከዚህ ደረሰ። ወደ ሐረር ተራራውን መውጣት አስቸጋሪ ስለ ነበር፣ ከተራራው ግርጌ «አዲስ ሐረር» ተብላ ከተማይቱ ተቈረቈረች። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። የባቡሩ ትልቅ የጥገና ቤት እዚሁ ድሬዳዋ ስለ ተተከለ፣ ብረት መቍረጥ፣ መሞረድ፣ መበየድ፣ ብሎን መፍታት የብዙ ቤተሰብ ቋንቋ ሆነ። መሣሪያውም ከነስሙ ከባሕር ማዶ መጣ። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሴጌቶ፣ ትራፓኖ፣ ሞርሳ፣ ሮንዴላ የምንላቸው ሁሉ ከጣልያንኛ የወረስናቸው ናቸው። መዶሻው፣ መሮው፣ መጋዙ፣ ጉጠቱ ግን ጥንቱንም በስማችን ነበሩ።

በትልቅ የጥገና ቤት ውስጥ መሣሪያ በግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ግድግዳው ጎን ለጎን ምስማር ተመትቶበታል፤ መዶሻ ከዚህ፣ ሴጌቶ ከዚያ ይንጠለጠላል። የጎደለውን ለማወቅ ቀና ብሎ ማየት ይበቃል። የዛሬው የቀፊራ ባለሙያ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሥራ ቤት የለውም፤ የሥራ ቤቱ የተጠራበት ቤት ነው። ስለዚህ ያለው ምርጫ አንድ ነው፤ ግድግዳውን ተሸክሞ መሄድ። ባልዲን በኪስ በኪስ አድርጎ ማዘጋጀት ማለት ያንን ግድግዳ አጥፎና አክቦ እጀታ ማበጀት ማለት ነው።

አሳቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የጥንቱን ቁም ጸሐፊ ያስቡት። ጥቁሩ ቀለም በአንድ ቀንድ፣ ቀዩ በሌላው ቀንድ፣ የመቃ ብዕሩ ለብቻው፣ መቅረጫ ካራው ለብቻው ነው። የጨረሰውንም መጽሐፍ ልክ በልኩ የተሰፋ የቆዳ ማኅደር ውስጥ ያኖረዋል፤ ማኅደር ማለትም ማደሪያ ማለት ነው። በሌላው ጫፍ ደግሞ የዘመኑን የአውሮፕላን ጠጋኝ ይመልከቱ። በብዙ የአውሮፕላን ጥገና ቤት እያንዳንዱ መሣሪያ በራሱ ቅርጽ ልክ በተቈፈረ ስፖንጅ ውስጥ ይተኛል። ሥራው አልቆ አንድ ጕድጓድ ባዶ የታየ እንደ ሆነ፣ መሣሪያው ያለበት እስኪታወቅ ድረስ አውሮፕላኑ ለበረራ አይለቀቅም፤ የተረሳ ካቻቢቴ በሞተር ውስጥ ምን እንደሚሠራ ስለሚያውቁ ነው። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በባልዲ አፍ ላይ የሚጠለቅ፣ ዙሪያውን ኪስ ያለው ጨርቅ በፋብሪካ ተሰፍቶ በመደብር መሸጥ ጀመረ። እነርሱ ገዙት፤ እኛ ማሰፋት እንችላለን፤ የኛውም በልካችን ይሆናል።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ።

በመጀመሪያ ባልዲው። የቀለሙ ባለ 20 ሊትር ባልዲ ከሁሉ ይሻላል። ፕላስቲኩ ወፍራም ነው፤ ቂጡ ሰፊ ስለ ሆነ አይወድቅም፤ ክዳን አለው። ሲመርጡ እጀታው የሚያያዝበትን ጆሮ በጣትዎ ይፈትኑ፤ ባልዲ የሚሞተው ሁልጊዜ ከዚያ ነው። ከውጭ ለብዙ ጊዜ ፀሐይ ላይ የከረመውን አይግዙ። የድሬ ፀሐይ ፕላስቲክን ያደርቃል፤ መልኩ የነጣና ሲጫኑት ጭረት የሚያወጣ ባልዲ በብረት ሲሞላ መንገድ ላይ ይሰነጠቃል። ኖራ ወይም ሲሚንቶ የነበረበት ከሆነ ደጋግመው ይጠቡት። የቆርቆሮው ባልዲስ? ለአናጢ አይከፋም፤ ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ ግን አልመክርም። ብረት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋልና፣ በተፈታ ሽቦ መካከል የብረት ባልዲ ማስቀመጥ ጠላትን ከጎን እንደ ማስቀመጥ ነው።

ቀጥሎ ጨርቁ፤ ትንሽ የምቆይበትም በዚህ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ስለ ሆነ። አቡጀዲ አይሆንም፤ በሳምንቱ ይቀደዳል። አሮጌ የጭነት መኪና ሸራ ከሁሉ ይበልጣል፤ እርሱ ካልተገኘ ያረጀ ጂንስ ሱሪ፣ ሁለት ሆኖ ቢደረብ ያገለግላል። የባልዲውን አፍ ዙሪያ በሲባጎ ይለኩ። የአፉ ስፋት ከዳር እስከ ዳር 30 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ዙሪያው 94 ያህል ይመጣል፤ ለስፌቱ 4 ሲጨምሩበት አንድ ሜትር ጨርቅ ይበቃዎታል ማለት ነው። ቁመቱ 50 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ግማሹ ወደ ውስጥ ይወርዳል፣ ግማሹ ወደ ውጭ። ይህ መሠረቱ ነው።

በመሠረቱ ላይ የሚሰፋው የኪሱ ጨርቅ ደግሞ ከመሠረቱ መርዘም አለበት። ይህን ለልብስ ሰፊው አበክረው ይንገሩት፤ እርሱ የለመደው የሸሚዝ ኪስ ነው። የሸሚዝ ኪስ ወረቀትና ብዕር ይይዛል፤ ፒንሳ ግን ሆድ አለው። ሁለቱ ጨርቆች እኩል ሆነው ከተሰፉ ኪሱ ጠፍጣፋ ይሆንና፣ ፒንሳው ወይ አይገባም ወይ ከገባ በጕልበት ካልሆነ አይወጣም። ስለዚህ መሠረቱ አንድ ሜትር ከሆነ ለውጭው ኪስ አንድ ሜትር ከ30 የሚረዝምና 20 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ ቁራጭ ይስጡት፤ ትርፉ በየኪሱ እጥፋት እጥፋት ሆኖ ይገባል። ካቻቢቴ ለሚይዘው ኪስ ጥቂት እጥፋት፣ ለፒንሳና ለመፍቻው ብዙ። ከሁሉ የሚሻለው ግን መሣሪያዎቹን ራሳቸውን ይዞ መሄድ ነው። በጨርቁ ላይ ይደርድሯቸው፤ በመካከላቸው በጠመኔ መስመር ያስምሩ፤ ሰፊው በመስመሩ ላይ ይስፋ። በእግር በሚረገጥ የስፌት መኪና፣ በወፍራም የናይለን ክር፣ ሁለት ጊዜ ተመላልሶ ይሰፋል። የየኪሱ አፍ ማዕዘን ላይ ደግሞ ደጋግሞ ይምታው፤ ኪስ የሚቀደደው ከዚያ ነው።

የኪሱ ወለል ሌላ ጣጣ አለው፤ የካቻቢቴ ጫፍ ማንኛውንም ጨርቅ ይበሳል። ከጎማ ጠጋኞች ዘንድ የተጣለ የመኪና ካላማዳሪ ይለምኑና ሁለት ጣት ያህል ስፋት ቈርጠው በኪሶቹ ወለል ላይ ያሰፉበት። ከዚያው ካላማዳሪ አንድ ረዥም ቀለበት ቈርጠው ጨርቁን ከውጭ በኩል በባልዲው ወገብ ላይ ያስሩበት። ባልዲ ወደ ታች እየጠበበ ስለሚሄድ፣ ያለዚህ ቀለበት ጨርቁ እንደ ቀሚስ ይንቀሳቀሳል። የእጀታው ጆሮ ባለበት በሁለቱም በኩል ጨርቁን ሰንጥቆ መዘምዘም ያስፈልጋል፤ ጨርቁ እጀታውን ከሸፈነው ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው።

በውስጥ በኩል ኪስ አያብዙ። አራት ወይም አምስት ሰፋፊ ይበቃል፤ ታቻቸውም አይሰፋ። ለምን ቢሉ፣ በውስጥ የሚቀመጡት ከባዶቹ ናቸውና ክብደታቸው በጨርቁ ላይ ተንጠልጥሎ መቅረት የለበትም፤ መዶሻውም መፍቻውም ራሱን ወደ ታች አድርጎ በባልዲው ወለል ላይ ይቁም፤ ኪሱ እንዳይወድቅ ብቻ ይደግፈው።

ድርደራውን በተመለከተ ሰው ሁሉ የየራሱ ልማድ ስላለው ብዙ አልናገርም። በአንድ ነገር ግን አልደራደርም፤ መሣሪያው ዛሬ የገባበት ኪስ ነገም የእርሱ ነው። ካቻቢቴዎቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ በአንድ ወገን፣ ፒንሳዎቹ በሌላው ወገን፣ ሜትሩና እርሳሱ ለቀኝ እጅ በሚቀርበው፣ የኤሌክትሪኩ ቴስተር ብረት በማይነካካው ኪስ ይሁን። ከጥቂት ሳምንት በኋላ እጅዎ ዓይንዎን ሳይጠይቅ ይሄዳል። መሰላል ላይ ሆነው ረዳቱን «ሦስተኛው ኪስ!» ብለው ሲጣሩ ልጁ ሳይደናገር ያቀብላል። ያለዚያ ግን ልጁ ባልዲውን ሲያንኳኳ እርስዎ በአንድ እጅዎ ቧንቧ ደግፈው፣ ውሃው በእጅጌዎ ሲገባ መቈየት ነው።

ትናንሾቹ ነገሮች፣ ምስማሩ፣ ቪቴው፣ ሮንዴላው፣ ናስትሮው፣ በባልዲው መካከል ይሁኑ። የቲማቲም ድልህ ጣሳ ጥሩ ነው፤ ጠርዙን ግን በመዶሻ አጥፈው ያሳርፉት፣ እጅ ይቈርጣል። ከወገቡ የተቈረጠ የሃይላንድ ጠርሙስ ደግሞ ውስጡ ስለሚታይ ፍለጋ ያስቀራል። የመጋዙን ጥርስና የመሮውን ስለት ራቁቱን አይተዉ፤ ከአሮጌ የውሃ ጎማ ስንዝር ቈርጠው በርዝመቱ ሰንጥቀው ያልብሱት። ባልዲው ውስጥ ሳያይ እጁን የሚከትት ልጅ መኖሩን አይርሱ።

አሁን ስለ ክብደት። ባልዲ አፍ አለው እንጂ «በቃኝ» የሚል ምላስ የለውም። በውሃ የተሞላ ባለ 20 ሊትር ባልዲ 20 ኪሎ ይመዝናል፤ ብረት ደግሞ ከውሃ ስምንት እጥፍ ያህል ይከብዳል። ባልዲው ገና ግማሹ ባዶ ሳለ ትከሻ የሚገነጥል ሸክም ይሆናል ማለት ነው። አንድ የ14 ኢንች የቧንቧ መፍቻ ብቻውን አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ይመዝናል። ሰው በአንድ እጁ ከባድ ነገር አንጠልጥሎ ሲሄድ አካሉ ወደ ሌላው ወገን ይጣመማል፤ ጀርባው በየእርምጃው ይህን ጠማማነት ይከፍላል። በእኔ ግምት ከ10 ኪሎ በላይ የሆነ ባልዲ በእግር ለሚሄድ ሰው አይበጀውም። ከዚያ የበለጠ የግድ ከሆነ ለሁለት ትናንሽ ባልዲ ከፍለው አንዱን በግራ አንዱን በቀኝ ይያዙ፤ ሚዛን የጠበቀ ሸክም ጀርባ አይጐዳም ባይባልም በጣም ይቀላል። ደግሞም በየሳምንቱ አንድ ጊዜ ባልዲውን ገልብጠው፣ በሳምንቱ ውስጥ ያልተነካውን መሣሪያ ለይተው ቤት ይተዉት። ምናልባት ያስፈልገኛል እየተባለ የሚዞር ብረት ብዙ ነው።

ቀጭኑ የሽቦ እጀታ መዳፍን ይቈርጣል። ስንዝር ያህል የውሃ ጎማ ሰንጥቀው ያልብሱትና በናስትሮ ጠቅልሉት፤ ከቀፊራ ተነሥተው የደቻቱን አሸዋ ተሻግረው ከዚራ እስኪደርሱ ልዩነቱን መዳፍዎ ይነግርዎታል። በባጃጅ የሚሄዱ ከሆነ ባልዲው በእግርዎ መካከል ይቆማል፤ ከረጢት ግን ይተኛና ሌላ ተሳፋሪ ይረግጠዋል። ረዥሙ ውሃ ልክና ትልቁ መጋዝ ብቻ ባልዲ ውስጥ አይቁሙ፤ ከአፉ እጅግ ስለሚያልፉ ይጥሉታል። እነርሱን በትከሻ ማንገቻ መያዝ ይሻላል።

ይህ ሁሉ ሲባል ባልዲ ለሁሉ መድኃኒት ነው ማለቴ አይደለም። ለቧንቧ ሠራተኛና ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ እንደ ተፈጠረ ሆኖ ይስማማል። ለአናጢ ግማሽ በግማሽ ነው፤ መላጊያው ሰፊ ነው፣ ስለቱም ከብረት ጋር መጋጨት አይወድም፤ ለእርሱ የጣውላ ሣጥን ዛሬም አልተሻረም። ግንበኛ ደግሞ ማንካውና ፍራታሾው ሲሚንቶ እንደ ተቀባ ስለሚመለስ፣ በኪስ ቢከታቸው ኪሱ በሦስት ቀን ድንጋይ ይሆናል። እርሱ ሁለት ባልዲ ይያዝ፤ አንዱ ባዶውን ለውሃና ለማጠቢያ፣ ሁለተኛው ባለ ኪሱ ለቱንቢው፣ ለሜትሩ፣ ለመዶሻውና ለገመዱ። ከውጭ የሚመጣው ባለ ቁልፍ የብረት ሣጥን ያምራል፤ ባዶውን ግን ይከብዳል፣ ሲከፈትም ሁሉም ነገር እንደ ከረጢቱ በላይ በላይ ነው። መኪና ላለው ሰው ይሁንለት።

ስለ ክዳኑም ላንሣ፤ ብዙ ሰው ይጥለዋል። ክዳኑ ከኪሱ ጨርቅ በላይ በደንብ አይገጥምም፤ ቢሆንም ሥራ ቦታ ሲደርሱ ዝቅ ያለውን ቧንቧ ወይም ሶኬት ለመሥራት ከባልዲው ላይ ጣል አድርገው ይቀመጡበታል፤ እጀታቸው ከአፉ በላይ የወጡትን መሣሪያዎች ግን አስቀድመው ያውጡ። ይቀመጡበት እንጂ አይቁሙበት! አምፖል ለመቀየር ባልዲ ላይ ወጥቶ የወደቀ ሰው መሰላል ለመዋስ አፍሮ የነበረ ሰው ነው።

ማታ ቤት ሲገቡ ባልዲውን ከግቢ አይተዉት። ፀሐዩን ተናግሬአለሁ፤ በጠራራ የዋለ ብረት ቀትር ላይ እጅ ያቃጥላል፤ የሌሊቱ ጠል ደግሞ ያዝገዋል። ከወለሉም ከፍ አድርጎ መስቀል ወይም መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ይበጃል። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የፈጀበትን ቀን ለሚያስታውስ የዚያ ሰፈር ሰው፣ ዕቃን ከመሬት ከፍ አድርጎ ስለ ማስቀመጥ እኔ ልነግረው አይገባኝም። በወር አንድ ጊዜ ጨርቁን አውልቀው በሳሙና ይጠቡት፤ ጥላ ላይ ያድርቁት፤ እርጥቡን መልሰው አያጥልቁ። መሣሪያዎቹን በተቃጠለ የሞተር ዘይት በራሰ ጨርቅ ዳሰስ ማድረግም ለዝገት ይረዳል፤ ነገር ግን መያዣቸውን አይንኩ፤ የሚያዳልጥ መዶሻ ከሚዝገው ይብሳል።

የቀረኝ ምልክቱ ነው። አንድ ሕንፃ ላይ አምስት ስድስት ባለሙያ በሚሠራበት ቦታ ፒንሳ ሁሉ ይመሳሰላል፤ ጠብም የሚነሣው ከዚሁ ነው። አንድ ቀለም ይምረጡ፤ ቢጫም ሆነ አረንጓዴ፣ ከቀለም ቀቢ ጓደኛዎ የቀለም ጥራጊ ተቀብለው በየመያዣው ጫፍ አንድ ቀለበት ይቀቡ። ያንኑ ቀለም በየኪሱ ላይም ነጥብ ያድርጉ፤ መሣሪያው ያለበት ኪስ ነጥቡን ይሸፍነዋል፤ የጎደለበት ኪስ ግን ነጥቡ ይታያል። ነጥቡ ከኪሱ አፍ በላይ በመሠረቱ ጨርቅ ላይ መሆን አለበት፤ ከኪሱ ፊት ላይ ከተቀባ ሁልጊዜ ይታያልና ጥቅም የለውም።

ረዳት ያለዎት እንደ ሆነ ቈጠራውን ለእርሱ ይስጡት፤ ከሥራው ቦታ ሳይወጡ፣ ሒሳብ ሳይቀበሉ፣ የቤቱ እመቤት ባለችበት ይሁን። ልጁ ባልዲውን አንድ ዙር ያዞራል፤ ነጥብ የታየበት ኪስ ካለ ጮኾ ይናገራል፤ ሁሉም ወደ ገንዳው ሥር፣ ወደ በሩ ጀርባ፣ ወደ ጣራው ጫፍ አብረው ይፈልጋሉ። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። እመቤቲቱም «ምን ጠፋ?» ብላ አብራ ትፈልጋለች እንጂ፣ በማግስቱ በሯ ተንኳኩቶ «እትዬ፣ ትናንት መፍቻ ረስተን ነበር መሰለኝ…» የሚላት ሰው አይመጣባትም። ልጁም ማታ ወደ ቤቱ ሲሄድ ባልዲው ሙሉ መሆኑን ጌታውም እርሱም ያውቃሉ።